የሰባተኛ «ሐ» አማካይና የኔ ደመወዝ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የትምህርት ቤታችን ባለቤት ዋሽንግተን ብዙ ዘመን ኖሮ የመጣ ሰው ነው። ዘንድሮ ‹እዚያ እንዲህ ነው የሚሠራው› ብሎ አዲስ የመምህራን ምዘና አመጣብን፤ ግማሹ ከክፍል ምልከታ፣ ግማሹ ከተማሪ ውጤት። የደመወዝ ጭማሪያችንም በዚሁ ሊታሰብ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሦስት ሴክሽን አለን። ‹ሀ› እና ‹ለ› የባልደረባዬ ናቸው፣ ‹ሐ› የኔ። ‹ሐ› ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ልጆች ሲሆኑ፣ ክፍልፋይ መደመር የማይችለው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር አማካይ ሲወጣ የሱ 78፣ የኔ 54 ሆነ። የሱ ተማሪዎች ግን በግሩፕ ወርክም በደብተርም ሁሉም ሙሉ ማርክ ነው ያላቸው፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ምክትል ዳይሬክተራችን የባዮሎጂ ሰው ነው። አንድ ቀን ሳይነግረኝ ገብቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ። ልጆቹ በቡድን እየሠሩ ስለነበር ‹ክፍሉ ይንጫጫል› ብሎ ከ5 2 ሰጠኝ። ጋውን ስላልለበስኩም ቀነሰብኝ። ከሁሉ ያናደደኝ ‹የምትጠይቀው የፊት ረድፍ ልጆችን ብቻ ነው› ብሎ መጻፉ ነው። የሚመልሱልኝ እነሱ ብቻ ናቸው፤ ታዲያ ምን ላድርግ?

አሁን ውጤቱን ተቀብያለሁ የሚል ቅጽ ፈርሚ ተብያለሁ። ጋሼ፣ እኔም እንደ ሌላው ማርክ ልሙላ? ልከራከር? ወይስ ለቅቄ ልውጣ?

የሒሳብ መምህርት፣ ከደሴ»

እህቴ፣

ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የመጀመሪያውን ቶሎ እንጨርሰው። ማርክ አትሙዪ። ስለ ኅሊና ልሰብክሽ ፈልጌ አይደለም፤ ኅሊና ባይኖርሽማ ኖሮ ሳትጽፊልኝ ሞልተሽ ትገላገዪ ነበር። አትሙዪ የምልሽ ስለማያዋጣሽ ነው። ዘንድሮ «ሐ»ን ከ54 አንሥተሽ 75 ብታደርጊው፣ እነዚሁ ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ለሚኒስትሪ ይቀመጣሉ። ያን ፈተና አንቺ አታወጪውም፣ አታርሚውምም። ወላጅ የሰባተኛውን ካርድና የስምንተኛውን ውጤት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚጠራው ያንቺን ስም ነው።

በአገር ደረጃም ያየነው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ ይበልጡ ነበር። እነዚያ ልጆች ግን በየዓመቱ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» የሚል ካርድ እየያዙ ነው 12ኛ የደረሱት። የመምህሮቻቸው የየመንፈቁ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ቢገላለጥም «ዝቅተኛ» የሚል ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። መምህሩ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ አርሞ የሞላው ማርክ መልሶ መምህሩን ይመዝናል ማለት ሰውየውን በራሱ እጅ ጽሑፍ ማመስገን ነው። ስለዚህ የባልደረባሽ 78 የመምህርነቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ያንቺም 54 እንደዚያው።

ማርክ ከገንዘብና ከእንጀራ ጋር ሲታሰር ምን እንደሚያመጣ የአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ ታሳይሻለች። በፈረንጆቹ 2011 (ከዚህ በኋላ ስለ አሜሪካ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ የግዛቲቱ መንግሥት ምርመራ፣ 178 መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች በተማሪ መልስ ወረቀት ላይ የተሳሳተውን እየሰረዙ ትክክለኛውን በማጥቆርና በመሳሰለው ማጭበርበር መሳተፋቸውን ገለጸ። በ2015 አሥራ አንዱ ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ፤ የተከሰሱትም ለተደራጀ ወንጀል በወጣ ሕግ ነበር። አብዛኞቹ ልጆችን የሚወዱ ተራ አስተማሪዎች እንደነበሩ እገምታለሁ። ከላይ «ይህን ያህል አምጡ» ሲባል፣ ከታች ያለው ሰው ቁጥሩን ማምጣት ከማስተማር ይቀለዋል።

አሁን ወደ ባለቤታችሁ ልምጣ። ሰውየው አልዋሸም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ኢምፓክት» የሚባል የመምህራን ምዘና በ2009 ተጀምሯል፤ ያን ጊዜ የከተማዋን ትምህርት ቤቶች የምትመራው ሚሼል ሪ ነበረች። የተማሪ ፈተና ግማሹን ይይዝ እንደነበረም እውነት ነው። ያልነገራችሁ የቀረውን ነው፤ የቀረው ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

አንደኛ፣ ያ ግማሽ ለሁሉም መምህር አልነበረም። የከተማው የጋራ ፈተና በሚሰጥባቸው ክፍሎች ሒሳብና ንባብ ለሚያስተምሩት ብቻ ነበር፤ እነሱም ከጠቅላላው መምህር አንድ አምስተኛ አይሞሉም። ሁለተኛ፣ ፈተናውን መምህሩ አላወጣውም፣ አላረመውም። ሦስተኛ፣ የሚታየው የክፍሉ ጥሬ አማካይ አልነበረም። ልጁ ባለፈው ዓመት ያመጣውና ሌላም ሁኔታው ተይዞ «ይህ ልጅ ዘንድሮ ይህን ያህል ያመጣል ተብሎ ይጠበቃል» ተብሎ ይሰላ ነበር፤ ለመምህሩ የሚታሰብለት ከዚያ በላይ ወይም በታች የሆነው ነበር። አራተኛ፣ ያን ጊዜ አንድ መምህር በዓመት አምስት ጊዜ ይታይ ነበር፤ ሦስቱን የራሱ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ሁለቱን ከውጭ የሚመጡ፣ የትምህርት ዓይነቱን የሚያውቁ ልምድ ያላቸው መምህራን ያዩት ነበር። ለአንቺ የደረሰሽ ሃያ ደቂቃ ከባዮሎጂ መምህር ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ነገሩ አልጠራላቸውም። ከ2012 ጀምሮ ያ 50 በመቶ ወደ 35 ዝቅ ተደረገ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ በስሌት ስሕተት የ44 መምህራን ውጤት ተዛብቶ መውጣቱ ታወቀ፤ ከመካከላቸው አንዱ በዚያው ከሥራ ተባርሮ ነበር። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሼሪ ሌደርማን የምትባል የአራተኛ ክፍል መምህርት በተማሪ ዕድገት ነጥብ አንድ ዓመት ከ20 14 አገኘች፤ በተከታዩ ዓመት 1 ተባለች። ከሰሰች። በግንቦት 2016 ዳኛው ለእሷ የተሰጠው ነጥብ በቂ ምክንያት የሌለው፣ በዘፈቀደ የተሰጠ ነው ብሎ ሻረው። አንድ መምህርት በአንድ ክረምት ውስጥ ማስተማር አትረሳም መቼስ።

ይህን ስልሽ ግን «እንግዲያውስ የተማሪ ውጤት አይታይ» የሚለውን የስታፍ ሩም ወሬ እየደገፍኩ እንዳይመስልሽ። ቶማስ ዲ እና ጄምስ ዋይኮፍ የሚባሉ ተመራማሪዎች የዲሲውን ምዘና መርምረው፣ ዝቅተኛ ውጤት ካገኙት መምህራን በራሳቸው ፈቃድ የሚለቁት እንደበዙ፣ ከቀሩትም ሥራቸውን ያሻሻሉ እንዳሉ አሳይተዋል። ምዘናው ጥርስ አልነበረውም ማለት አይቻልም። እኔም ልጁ ምንም ሳይማር መምህሩ «በጣም ጥሩ» የሚባልበትን አሠራር አልወደውም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ በአብዛኞቹ ጥናቶች በተማሪዎች የፈተና ውጤት መካከል ካለው ልዩነት በመምህር የሚመጣው ከ1 እስከ 14 በመቶ ብቻ ነው ብሏል። ይህን አንዳንድ መምህር «እኛ ምንም አናመጣም» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እንደዚያ አይደለም። መግለጫው የሚለው፣ አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከቤትና መምህሩ ሊያዝዝባቸው ከማይችሉ ሌሎች ነገሮች ነው። ልዩነቱን ሁሉ አንቺ ላይ መጫን ስሕተት ነው፤ ያንቺን ድርሻ ሳያዩ ማለፍም ስሕተት ነው።

ያንቺ 54 ችግሩ የመነሻ ቁጥር የሌለው መሆኑ ነው። ጣሳውን ሳይቀንሱ ቅቤ እንደመመዘን ነው። የልጆቹን መነሻ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሰው የሚያየው ሲያልቅ የነበሩበትን ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣው ልጅ ከ«ሀ» ልጅ ጋር እኩል ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ልከራከር የሚለው፣ መልሱ አዎ ነው። ከመከራከርሽ በፊት ግን መነሻውን ራስሽ ለኪ። ማንም እስኪያዝሽ አትጠብቂ።

እንዲህ አድርጊ። ሁለተኛው ሴሚስተር በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ጥያቄ የያዘ አጭር ፈተና አውጪ። ከሰባተኛው መጽሐፍ አይደለም፤ ከአምስተኛና ከስድስተኛው፦ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛ፣ ያልታወቀውን ቁጥር መፈለግ። ማርክ እንደሌለው ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ ካልነገርሻቸው ይኮራረጃሉ፣ ያን ጊዜ ወረቀቱ ምንም አይነግርሽም። ባልደረባሽ ፈቃደኛ ከሆነ በ«ሀ» እና በ«ለ»ም ይሰጥ። እምቢ ካለ በራስሽ ክፍል ብቻ ስጪ። የታረመውን ወረቀት ለዲፓርትመንት ተጠሪያችሁ አሳይተሽ ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጊና ፋይልሽ ውስጥ አስቀምጪ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ሃያ ጥያቄ ትሰጫለሽ። ያኔ «ሀ» በአማካይ ከ13 ተነሥቶ 15 ቢደርስ፣ ያንቺ «ሐ» ከ6 ተነሥቶ 11 ቢደርስ፣ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ወሬ ሌላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ታማኝ ሁኚ። ሒሳብ መምህርት ስለሆንሽ ይገባሻል፤ መጀመሪያ በጣም ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ምንም ባይማር እንኳ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ከፍ የማለት ዕድል አለው፣ የመጀመሪያው ቀን ራስ አሞት ወይም ደንግጦ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ የምታወዳድሪው በተመሳሳይ ነጥብ የተነሡትን ነው፦ «ሀ» ውስጥ ከ5 እስከ 8 ያመጡት የት ደረሱ፣ «ሐ» ውስጥ ከ5 እስከ 8 ያመጡት የት ደረሱ? በመሐል የገባ ወይም አንዱን ፈተና ያልወሰደ ልጅ ከስሌቱ ይውጣ። አማካዩን ብቻም አታቅርቢ፤ «ከሃያው አምስት እንኳ የማይመልሱት ልጆች መጀመሪያ ስንት ነበሩ፣ አሁን ስንት ናቸው» የሚለው ቁጥር ከአማካዩ ይልቅ ባለቤቱን የሚነካ ይመስለኛል። ነጋዴም ቢሆን ወላጅ የሚከፍለው ለዚያ እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ ጋር ለትምህርት ቤቱ የምታቀርቢው ሌላው ነገር የጋራ ፋይናል ነው። ለሦስቱም ሴክሽን አንድ ፈተና ይሁን፤ ኮሌጅ በተማራችሁት በቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን (ከየትኛው ርዕስ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ በሚያሳየው ሠንጠረዥ) መሠረት ሁለታችሁም ሆናችሁ አውጡት። ወረቀቱ ላይ ስም ሳይሆን ኮድ ይጻፍ፣ አንቺ የሱን አርሚ፣ እሱ ያንቺን። የግሩፕ ወርክና የደብተር ማርክ ለካርድ ይሁን፣ መምህር ለመመዘኛ ግን አይግባ። ስለ ባልደረባሽ ማርክ አሞላል አንድ ቃል መተንፈስ አያስፈልግሽም። ስሙን አንሥተሽ ብትከሺ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንቺም ምቀኛ ትባያለሽ። የጋራው ፈተና ሥራውን ይሥራ።

ምልከታውን በተመለከተ ግን ከአንቺ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ።

ሳይነገርሽ መግባቱን እንደ በደል ቆጥረሽዋል። እኔ አልቆጥረውም። በቀጠሮ የሚታይ ክፍለ ጊዜ እኮ እናውቀዋለን፤ ትናንት የተማሩትን ዛሬ እንደ አዲስ የሚያስተምር አለ፣ «የምታውቁ ቀኝ እጅ፣ የማታውቁ ግራ እጅ አውጡ» ብሎ ልጆቹን የሚያሠለጥንም እንዳለ ሰምቻለሁ። አንዱ በቀጠሮ፣ ሌሎቹ ድንገት ቢሆኑ ይሻላል። በደሉ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ፣ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ለዓመት መፍረዱ ነው። የጌትስ ፋውንዴሽን ሦስት ሺህ የሚጠጉ መምህራንን ይዞ ያሠራው ትልቅ ጥናት በ2013 ሲጠቃለል ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ ያው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ከሚያይ ሁለተኛ ሰው ቢጨመር ነጥቡ ይበልጥ አስተማማኝ መሆኑ ነው። ብሩኪንግስ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2014 ያወጣው ጥናትም ጎበዝ ተማሪዎች የያዘ መምህር በምልከታም ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚሰጠው አሳይቷል። «ሀ» ክፍል ገብቶ የሚያይ ሰው የሚመልሱ፣ የማይረብሹ ልጆች ያያል፤ ያንንም ለመምህሩ ያስቆጥርለታል። ስለዚህ የመነሻ ጣጣ ምልከታው ውስጥም አለ። የምትጠይቂው ይህን ነው፦ በሴሚስተር ቢያንስ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች፣ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ። ትምህርት ቤቱ ሌላ የሒሳብ ሰው ከሌለው ከጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር መለዋወጥ ይቻላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል (የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶችን በሚያሰባስበው) ሱፐርቫይዘር ሲገባባቸው የኖረ ነገር ስለሆነ እንግዳ አይደለም።

ጫጫታው ላይ ልክ ነሽ። ልጆች በቡድን ሲሠሩ ዝም ካሉ እየሠሩ አይደለም። የሚጠየቀው ስለምን ነው የሚንጫጩት የሚለው ነው፤ እሱን ለማወቅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ቡድኖቹ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ጋውኑን ልበሺው። በጋውን የሚጣላ ሰው ሌላውን ክርክሩን ያበላሻል።

የፊት ረድፉ ነገር ግን ልብ እንድትዪው የምፈልገው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ቅጽ ውስጥ እውነተኛ ምልከታ የምለው እሱን ብቻ ነው። «ይንጫጫል» ፍርድ ነው። «ጋውን የለም» የዩኒፎርም ቁጥጥር ነው። «የምትጠይቀው የፊት ረድፍ ልጆችን ብቻ ነው» ግን ሰውየው በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው፣ አንቺም ራስሽ «የሚመልሱልኝ እነሱ ብቻ ናቸው» ብለሽ አረጋገጥሽለት። ከተናደድሽባቸው ሦስት ነገሮች ይህኛው ነው የ«ሐ»ን ውጤት በቀጥታ የሚነካው። ክፍልፋይ የማይደምሩት ልጆችሽ የት እንደሚቀመጡ አላውቅም ብትዪኝ አላምንሽም።

ነገሩ የሰነፍ መምህር ጠባይ እንዳይመስልሽ። በ1970ዎቹ ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ በቴፕ እየቀዳች ለካች፤ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። አንድ ሰከንድ ውስጥ እጅ የሚያወጣው አስቀድሞ የሚያውቀው ልጅ ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ መልሶቹ ረዘሙ፣ ደካማ ናቸው ከተባሉት ልጆችም የሚመልሱት በዙ። ሦስት ሰከንድ በዝምታ መቆም ለመምህር እንዴት እንደሚረዝም ታውቂዋለሽ፤ አፍሽ ራሱ ይመልሳል።

የሁሉንም ልጅ ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ በጠመኔ ካርቶን ውስጥ ክተቺና እያወጣሽ ጠይቂ። መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቢ፣ ቆዪ፣ ከዚያ ስሙን አውጪ፤ ስሙን አስቀድመሽ ካወጣሽ ሌላው ልጅ ማሰቡን ያቆማል። ስሙ የወጣው ልጅ «አላውቅም» ካለ ሌላ ልጅ ሲመልስ እንዲሰማ አድርጊና እንደገና ወደ እሱ ተመለሺ፤ አላውቅም ማለት ማምለጫ እንዳልሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ ይረዳል። ደግሞም የምታምኛትን አንዲት ባልደረባ ነፃ ክፍለ ጊዜዋ ላይ ጋብዣት። ነጥብ አትስጥሽ። የመቀመጫ ሥዕል ይዛ ኋላ ትቀመጥና ልጅ በተጠየቀ ቁጥር በቦታው ላይ ጭረት ታድርግ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ትሰጥሻለች፤ አስተያየት እንኳ ባትጨምርበት ጭረቶቹ ይበቁሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። አንቺም የሷ ክፍል ገብተሽ እንዲሁ አድርጊላት። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ብለን በየዓመቱ ፎልደር የምንሞላበት ነገር ውስጥ ከገባ ደግሞ ይህ ይግባ፤ ሌላው አብዛኛው ወረቀት ነው።

እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ይዘሽ ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ሂጂ። በስታፍ ስብሰባ ላይ አታንሺው፤ ሰው ፊት የተነካ ሰው ልክ ብትሆኚም አይሰማሽም። ቢሮው ገብተሽ «ስለ ፊት ረድፍ የጻፍከው ትክክል ነበር፣ ይህን ሠርቻለሁ፣ እባክህ ገብተህ እየው፤ በዚያውም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አብሮህ ቢገባ ደስ ይለኛል» በዪው። ሰውየው ከባለቤቱና ከእናንተ መሐል የተያዘ ነው፤ ቼክሊስቱን እሱ አላወጣው ይሆናል። እሱን ካሳመንሽ ወደ ባለቤቱ ሲገባ አብሮሽ ይገባል፤ ካላሳመንሽም ቢያንስ ዘለለችኝ አይልም።

ለባለቤቱ የምትወስጂው አንድ ገጽ ይሁን፣ ከሌሎች ሁለት ሦስት መምህራን ጋር ሆናችሁ የፈረማችሁበት። ምዘናው ይቅር አትበሉ። ሁለተኛው ሴሚስተር መሞከሪያ ይሁን፣ መነሻ ፈተናና የጋራ ፋይናል ይኑር፣ ምልከታው በሁለት ሰው ይሁን፣ ገንዘቡ ከሚቀጥለው ዓመት ይጀምር በሉ። ዋሽንግተን የኖረ ሰው ስለሆነ «እዚያ ሲጀመር አምስት ጊዜ ነበር የሚገባው፣ የልጁም ያለፈ ዓመት ውጤት ይያዝ ነበር፣ እኛም እንደዚያው ይሁንልን» ስትሉት የራሱን ክርክር ነው የምትመልሱለት።

ቅጹን በተመለከተ፣ «ተቀብያለሁ» በሚለው ላይ ዝም ብለሽ አትፈርሚ፣ አልፈርምም ብለሽም አትጣይው። ከፊርማሽ በላይ በእጅሽ «አይቼዋለሁ፤ አስተያየቴን በአንድ ገጽ አያይዣለሁ» ብለሽ ጻፊና ፈርሚ፣ ኮፒ አስቀሪ። ቅጹ ውስጥ ስለ ጭማሪ ብቻ ሳይሆን ከመደበኛ ደመወዝ ስለመቀነስ የሚናገር መስመር ካለ ግን ጠንቀቅ በዪ። የግል ትምህርት ቤት መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው፤ በአዋጁ መሠረት አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ፊርማሽ ያ የጽሑፍ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ጭማሪ በውልሽ ካልተጻፈ በእሱ ፈቃድ ያለ ነገር ስለሆነ በዚያ ላይ ብዙ ጉልበት አትፍጂ።

ልልቀቅ ወይ ላልሽኝ፣ አሁን አትልቀቂ። በዓመቱ መሐል የሚወጣ መምህር ከ«ሐ» ጋር ደግሞ አዲስ ሰው ያገናኛል፣ እነዚያ ልጆች አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ቀይረዋል ይበቃቸዋል። አንቺም የያዝሽው ቁጥር 54 ብቻ ነው። እስከ ሰኔ ቆይተሽ መነሻና መድረሻው ያለበትን ፋይል ያዢ። ባለቤቱ የጋራ ፈተናውን እንኳ እምቢ ካለ፣ ማርክ የሚሞላ መምህር እንጂ የሚያስተምር መምህር እንደማይፈልግ በራሱ አፍ ነገረሽ ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች ለመስከረም መምህር መፈለግ የሚጀምሩት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ፋይሉን ይዘሽ ለቃለ መጠይቅ ግቢ፣ እነሱም መምህር እንዴት እንደሚመዝኑ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው።